ዊልያም ሾክሊ፤ የለካውና ያልለካው

የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን ባለውለታዎች የአንዱን የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ምርጫውን ለእኔ ተዉት። እኔም ዊልያም ሾክሊን መረጥሁ። ምክንያቴ ግን ሰውየውን ለማወደስ አይደለም። ካዛንቺስ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ለሥራ ልምምድ የተመደበች አንዲት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። በዳዮድ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ፍሰት የምናሰላበት ቀመር በሾክሊ ስም ይጠራል። ይኸው ሰው ግን ጥቁር ሕዝብ በተፈጥሮው አእምሮው ያነሰ ነው እያለ የዕድሜውን የመጨረሻ ሃያ ዓመታት ያሳለፈ ነው። ታዲያ ስሙን በአክብሮት እየጠራን ማስተማራችን ስለ ምን እንደ ሆነ ጠየቀችኝ። በዚያን ቀን የሰጠኋት መልስ እኔንም አላረካኝም። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው። የአንባቢን ፈቃድ እየለመንሁ፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ልደቱና ትምህርቱ

ዊልያም ሾክሊ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1910 በለንደን ከተማ ከአሜሪካውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ እናቱም በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ በማዕድን ቅየሳ ሥራ ያገለገለች ሴት ነበረች። ሕፃኑ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አሜሪካ ተመልሶ በካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ በምትባለው ከተማ ኖረ። ወላጆቹ እስከ ስምንት ዓመቱ ድረስ ትምህርት ቤት አላስገቡትም፤ ራሳቸው በቤት አስተማሩት።

በዚያ ዘመን የስታንፎርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ሉዊስ ቴርማን ላቅ ያለ የአእምሮ ችሎታ ያላቸውን ልጆች በፈተና እየመረጠ ያጠና ነበር። ትንሹ ሾክሊም ተፈተነ። ነጥቡ ግን ከተወሰነው መስፈርት ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ከጥናቱ ውጭ ቀረ። አንባቢ ይህችን ነገር በልቡ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ወጣቱ በ1932 ከካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1936 ደግሞ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የዶክተርነት ማዕረጉን አገኘ። የመመረቂያ ጥናቱ በገበታ ጨው ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኖች ምን ምን የኃይል ደረጃ ሊይዙ እንደሚችሉ የሚመረምር ነበር። ጥናቱን እንደ ጨረሰ የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ የምርምር ክፍል በሆነው በቤል ላቦራቶሪ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የስልክ መሥመሮች ድምፅ የሚጎላው በቫኩም ቱቦ፣ ጥሪ የሚገናኘውም በሜካኒካል ማገናኛ ነበር። ቱቦው ኃይል ይበላል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል፤ ማገናኛውም ቀርፋፋ ከመሆኑ በላይ ያረጃል። ስለዚህ የምርምሩ ኃላፊ የነበረው መርቪን ኬሊ እነዚህን የሚተካ፣ የሚነድም የሚነቃነቅም ነገር የሌለበት መሣሪያ እንዲፈለግ ይሻ ነበር።

የተሰነጠቀችው ሲሊኮን

ነገሩ የተገኘው ባልታሰበ መንገድ ነው። በ1940 መጀመሪያ በዚያው ላቦራቶሪ የሚሠራው ራስል ኦል አንዲት የተሰነጠቀች የሲሊኮን ዘንግ ሲመረምር፣ የመብራት ብርሃን ባረፈባት ቁጥር የግማሽ ቮልት ያህል ቮልቴጅ እንደምታወጣ አስተዋለ። ጓደኞቹ መጀመሪያ ማመን አቃታቸው። በኋላ ሲመረመር ግን የቀለጠው ሲሊኮን ቀዝቅዞ ሲረጋ በውስጡ የነበሩት ጥቃቅን ባዕድ ነገሮች በሁለት ወገን ተለያይተው እንደ ቀሩ ታወቀ። ከስንጥቁ በአንዱ ወገን አንድ ዓይነት፣ በሌላው ወገን ሌላ ዓይነት ባዕድ አቶም በዝቶ ነበር። ኦል ሳያውቀው የያዘው መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው ለምን እንዲህ እንደሚሠራ በሒሳብ አጥርቶ ለማስረዳት ግን ዘጠኝ ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነ። በመካከሉ የዓለም ጦርነት ገባ፤ ሾክሊም በራዳርና ጠላት ሰርጓጅ መርከቦችን በመከላከል ጥናት ላይ ተሰማርቶ ቆየ። ለዚህም አገልግሎቱ በ1946 ከመንግሥቱ ከፍተኛ ሜዳይ ተሸለመ።

የመጋጠሚያው አሠራር

ምንም እንኳ አብዛኛው አንባቢ የሚያውቀው ቢሆን፣ የሾክሊን ሥራ ለመመዘን የመጋጠሚያውን ፊዚክስ ባጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የሲሊኮን አቶም በውጭኛው ምሕዋሩ አራት ኤሌክትሮኖች አሉት። በክሪስታሉ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ኤሌክትሮን እየተጋራ ስለሚያያዝ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ከትስስሩ አምልጠው የሚዘዋወሩት ኤሌክትሮኖች እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ንጹሕ ሲሊኮን ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፈው በጭንቅ ነው። ከአምስት ሚሊዮን የሲሊኮን አቶሞች አንዱን ብቻ አንሥተን አምስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ባሉት በፎስፎረስ ብንተካው ግን አራቱ ኤሌክትሮኖች ለትስስሩ ይውሉና አምስተኛው ነጻ ይሆናል። በዚህች ኢምንት ለውጥ ብቻ የነጻ ኤሌክትሮኖቹ ብዛት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያድጋል። ይህን ኤን ዓይነት እንለዋለን።

በፎስፎረስ ፈንታ ሦስት የውጭ ኤሌክትሮኖች ብቻ ያሉትን ቦሮንን ብናስገባ ደግሞ ከትስስሮቹ በአንዱ ቀዳዳ ይፈጠራል። ጎረቤት ኤሌክትሮን ቀዳዳውን ሊሞላ ሲመጣ የራሱን ቦታ ባዶ ይተዋል፤ ያንንም ሌላ ኤሌክትሮን ይሞላዋል። በሥራ መውጫ ሰዓት ካዛንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከፊት ያለው ሰው ሲሳፈር ሰልፈኛው ሁሉ ተራ በተራ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይላል፤ ባዶው ቦታ ግን ወደ ኋላ ይጓዛል። በሲሊኮንም ውስጥ ቀዳዳው ኤሌክትሮኖቹ ከሚሄዱበት በተቃራኒ ስለሚጓዝ አዎንታዊ ቻርጅ እንደ ተሸከመ ቅንጣት ይቆጠራል። ይህንንም ፒ ዓይነት እንለዋለን።

ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ክሪስታል ውስጥ ሲጋጠሙ፣ ኤሌክትሮኖች ከበዙበት ከኤን ወገን ወዳነሱበት ወደ ፒ ወገን ሰርገው ይገባሉ፤ ቀዳዳዎቹም በተቃራኒው ይሰርጋሉ። በድንበሩ አካባቢ የተገናኙት እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ። ነገር ግን ኤሌክትሮናቸውን ያጡት የፎስፎረስ አቶሞች በአዎንታዊ ቻርጅ፣ ኤሌክትሮን የተቀበሉት የቦሮን አቶሞችም በአሉታዊ ቻርጅ በየቦታቸው ተተክለው ይቀራሉ። በክሪስታሉ የታሰሩ ናቸውና ከስፍራቸው አይንቀሳቀሱም። እንዲህ ሆኖ ከሚሊሜትር አንድ ሺኛ በሚያንስ ስፋት ውስጥ፣ ነጻ ተጓዥ የሌለበትና ብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ ያለበት ቀጠና ይፈጠራል። መስኩ አዲስ የሚመጡትን ኤሌክትሮኖች ወደ መጡበት ይመልሳል። ስርገቱና መመለሱ እኩል ሲሆኑ ሚዛን ይጸናል። የግድቡም ቁመት በሲሊኮን 0.7 ቮልት ያህል ነው። ዳዮዱን ለብቻው በቮልት መለኪያ ብንለካው ግን የምናነበው ዜሮ ነው፤ ሽቦው ከሲሊኮኑ ጋር በሚገናኝባቸው ስፍራዎች የሚፈጠሩት ቮልቴጆች ይህንኑ ያጣፉታልና።

አሁን ከውጭ የባትሪን አዎንታዊ ጫፍ ከፒ ወገን ጋር ብናገናኝ ግድቡ ዝቅ ይላል፤ መሻገር የሚችሉት ኤሌክትሮኖችም በፍጥነት ይበዛሉ። ቮልቴጁ በ60 ሚሊቮልት ገደማ በጨመረ ቁጥር ፍሰቱ ዐሥር እጥፍ ይሆናል። ባትሪውን ገልብጠን ብናገናኘው ግድቡ ከፍ ይልና ከኢምንት ፍሰት በቀር የሚያልፍ አይኖርም። አንዳንድ ባለሙያዎች እንደሚሉት ዳዮድ 0.6 ቮልት ላይ በድንገት የሚከፈት በር አይደለም። ፍሰቱ ከመጀመሪያው አንሥቶ እየተባዛ ያድጋል፤ በዚያ ቮልቴጅ ላይ ለመለኪያችን ጎልቶ መታየቱ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ እርሱም ሙቀት ነው። ኤሌክትሮኖችን ግድቡን የሚያሻግራቸው ከሙቀት ያገኙት ኃይል ነው። ስለዚህ ሙቀት በሾክሊ ቀመር ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። ክፍሉ አንድ ዲግሪ ሲሞቅ፣ ያንኑ ፍሰት ለማሳለፍ የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ሁለት ሚሊቮልት ያህል ይቀንሳል። ሙቀቱን ሳይመዘግብ ሁለት ዳዮዶችን የሚያነጻጽር ሰው፣ የክፍሉን ልዩነት የሲሊኮኑ ልዩነት አድርጎ ይፈርዳል።

ከትራንዚስተር እስከ ኖቤል ሽልማት

ከጦርነቱ በኋላ ሾክሊ የጠጣር ነገሮችን ፊዚክስ የሚያጠና ቡድን እንዲመራ ተሾመ። ከባልደረቦቹ መካከል ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራታይን ነበሩ። ዲሴምበር 16 ቀን 1947 ሁለቱ ሰዎች በጀርማኒየም ቁራጭ ላይ ሁለት የወርቅ ጫፎችን እጅግ አቀራርበው በማሳረፍ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ። መሣሪያው ደካማውን ምልክት አጉልቶ አወጣ። አለቃቸው ሾክሊ ግን በዚያች ሰዓት እጁ አልነበረበትም። የፈጠራው መብት ሲጠየቅም ስሙ ሳይገባ ቀረ።

ይህ ነገር አንገበገበው። የአዲሱን ዓመት ዋዜማ በቺካጎ ሆቴል ውስጥ ተዘግቶ ሲጽፍና ሲያሰላ አሳለፈ። ጃንዋሪ 23 ቀን 1948 በክሪስታሉ ገጽ ላይ በሚያርፉ ጫፎች ፈንታ፣ በክሪስታሉ ውስጥ ባሉ ሁለት መጋጠሚያዎች የሚሠራ ትራንዚስተር አሰበ። በሁለቱ መጋጠሚያዎች መካከል ያለው ንጣፍ እጅግ ስስ ከሆነ፣ በአንደኛው በኩል የገቡት ቅንጣቶች ሳይጠፉ ሁለተኛው ላይ ይደርሳሉ፤ በትንሽ ፍሰትም ትልቁን ፍሰት መግዛት ይቻላል። ይህን ሐሳብ ከገዛ ባልደረቦቹ ደብቆ ሳምንታት ቆየ። በ1949 ያሳተመው የመጋጠሚያ ንድፈ ሐሳብ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምንማረው ነው። ሥራው በቅናት የተገፋ መሆኑ ትክክለኛነቱን አልቀነሰውም። ትክክል መሆኑም የሥራ ባልደረቦቹን ሐዘን አላስቀረውም፤ ባርዲን በ1951 ላቦራቶሪውን ትቶ ሄደ። በ1956 ሦስቱም በአንድነት የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ስምንቱ

በዚያው ዓመት ሾክሊ በአርኖልድ ቤክማን ገንዘብ ታግዞ ከልጅነት ከተማው አጠገብ፣ ማውንቴን ቪው ላይ የራሱን ላቦራቶሪ ከፈተ። የዘመኑን ምርጥ ወጣቶች ለይቶ የመመልመል ዓይን ነበረው፤ አብሯቸው የመኖር ችሎታ ግን አልነበረውም። ሠራተኞቹን ይጠረጥር ነበር። አንድ ጊዜም በሐሰት መመርመሪያ መሣሪያ እንዲፈተኑ እስከ መጠየቅ ደርሷል። የሲሊኮን ትራንዚስተርን ትቶ ባለ አራት ንጣፍ ዳዮድ በሚባል አስቸጋሪ መሣሪያ ላይ እንዲደክሙም አስገደዳቸው። በሴፕቴምበር 1957 ስምንቱ በአንድ ቀን ለቀው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን አቋቋሙ። ከእነርሱ ሁለቱ፣ ሮበርት ኖይስና ጎርደን ሙር፣ በ1968 ኢንቴልን መሠረቱ። ዛሬ ሲሊኮን ሸለቆ የሚባለው አካባቢ ያደገው ከእነዚህ ሰዎች መሰደድ ነው።

በዚሁ ወር የታተመ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ጸሐፊዎቹ ቻይና የተወለደው ቺ ታንግ ሳ፣ ኖይስና ሾክሊ ራሱ ናቸው። ጽሑፉ የ1949ኙ ቀመር ለሲሊኮን መጋጠሚያ በዝቅተኛ ፍሰት ላይ እንደማይበቃ አስረድቶ ያርመዋል። ልኬቱ ከቀመሩ ጋር አልስማማ ሲል፣ ሾክሊ በገዛ ቀመሩ መታረም ላይ ስሙን አኖረ። በፊዚክስ ይህን ያህል ትሑት ነበር።

ግንቦት 1963

ላቦራቶሪው ተሸጠ። በ1961 ሾክሊ ከባድ የመኪና አደጋ ደረሰበት፤ በ1963 በስታንፎርድ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሚኔሶታ ክፍለ ሀገር በሚገኝ ኮሌጅ ቀርቦ፣ ለኑሮ ብቁ ያልሆኑት ሰዎች ከብቁዎቹ ይልቅ በፍጥነት እየተዋለዱ ነው የሚል ንግግር አደረገ። የመንገዱ መጀመሪያ ይህ ነበር።

በዚያው ወር፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ ከካዛንቺስ ዳር ባለው በአፍሪካ አዳራሽ የነጻይቱ አፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። በዚያ ዘመን ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት ገጠር ወሬ የሚሰማው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበር። ጥቁር ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር እንደሚችል የሚያበሥረውን ድምፅ በየጎጆው ያደረሰው መሣሪያ ሥራው በመጋጠሚያ ነው፤ የመጋጠሚያውን ምሥጢር የፈታው ሰው ደግሞ ያንን ሕዝብ ወደ መናቅ እየተጓዘ ነበር።

ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ንግግሩ ግልጽ ሆነ። ጥቁር አሜሪካውያን በአእምሮ ፈተና የሚያገኙት ነጥብ ዝቅ የሚለው በዘር ውርስ ነው አለ። ነጥባቸው ከ100 በታች የሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው ቢመክኑ፣ ለጎደለው ለእያንዳንዱ ነጥብ 1000 ዶላር ይከፈላቸው የሚል ሐሳብም አቀረበ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በዚህ ጉዳይ ያቀረበለትን ጥያቄ ደጋግሞ ውድቅ አደረገበት። በ1982 ለሴኔት ሊመረጥ ተወዳድሮ ከፓርቲው ዕጩዎች ስምንተኛ ወጣ። ከናዚ ጋር አመሳስሎኛል ብሎ አንድ ጋዜጣ ከስሶ በ1984 ረታ፤ ዳኞቹ የፈረዱለት ካሣ ግን አንድ ዶላር ብቻ ነበር።

የተረሳው ሙቀት

ስሕተቱ ምን ላይ ነበር? የሥነ ውርስ ምሁራን በጊዜው ነግረውታል። በአንድ ወገን ውስጥ በሰዎች መካከል የሚታይ ልዩነት ከፊሉ የሚወረስ ቢሆን እንኳ፣ ይህ በሁለት ወገኖች መካከል ያለው ልዩነት የውርስ መሆኑን አያረጋግጥም። ከአንድ ማዳበሪያ የተወሰደ ዘር ለምና ጠፍ መሬት ላይ ቢዘራ ምርቱ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን የመሬቱ እንጂ የዘሩ አይደለም። ባርነትን፣ የተለያየ ትምህርት ቤትን፣ ድህነትንና የተከለከለ ሥራን ያላሰበ ንጽጽር ንጽጽር አይባልም።

እኛ መሐንዲሶች ይህን በራሳችን ቋንቋ መናገር እንችላለን። ሾክሊ በቀመሩ ውስጥ ሙቀትን የጻፈ ሰው ነው። ሰዎችን ሊለካ በተነሣ ጊዜ ግን ሙቀቱን ሳይመዘግብ ሁለት ንባቦችን አነጻጸረና ልዩነቱን በሲሊኮኑ ላይ ፈረደ። መለኪያውም ቢሆን እንከን እንዳለበት ከማንም በላይ ሊያውቅ የሚገባው እርሱ ነበር። በልጅነቱ የተፈተነበት ያ ጥናት፣ የኖቤል ተሸላሚ የሚሆነውን ልጅ አይበቃም ብሎ የመለሰው ነው። በ1957 የገዛ ቀመሩን ለልኬት ያስገዛ ሰው፣ በሕዝብ ላይ የሰነዘረውን ቃል ግን ለማንም ማስረጃ ሳያስገዛ ኦገስት 12 ቀን 1989 በሰባ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ። በመጨረሻ ዓመታቱ ከወዳጆቹና ከልጆቹ ርቆ ነበር።

ለጥያቄዋ መልስ

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። ስሙን ከቀመሩ ላይ ብንፍቀው መጋጠሚያው አሠራሩን አይለውጥም፤ ተማሪዎቻችን ግን ታላቅ የፊዚክስ ሰው ሕዝብን እንዴት ሊስት እንደሚችል የሚማሩበት ታሪክ ይጠፋል። እኛ ቀመሩን የምንቀበለው ሾክሊ ስለ ተናገረው አይደለም። ማንም ሰው በማንኛውም አገር ለክቶ ስለሚያገኘው ነው። ስለ ዘር የተናገረውን የምንጥለውም ስለ ጠላነው ሳይሆን፣ ያንኑ ፈተና ስላላለፈ ነው። ዝና ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው እንደ ሻንጣ ይዘውት የሚሻገሩት ዕቃ አይደለም። ይህም ለሾክሊ ብቻ ሳይሆን በየስብሰባው ማዕረጋችን ከማስረጃችን ቀድሞ ለሚናገርልን ለእኛም የተገባ ማስጠንቀቂያ ነው።

በነጋታው ተማሪዋን ወደ መሞከሪያ ጠረጴዛው ወሰድኋት። ከአሮጌ የኃይል ማቅረቢያ የነቀልነውን ትራንዚስተር፣ ቤዙንና ኮሌክተሩን አያይዘን እንደ ዳዮድ አደረግነው። ፍሰቱን ዐሥር ዐሥር እጥፍ እያሳደገች ቮልቴጁን መዘገበች። ነጥቦቹ በወረቀቱ ላይ በቀጥታ መሥመር ተሰለፉ፤ የአንዱ እርምጃ ቁመትም ከ58 ሚሊቮልት እምብዛም አልራቀም። የሾክሊ ቀመር ከሰባ ዓመታት በላይ ቆይቶ ካዛንቺስ ላይ፣ በአንዲት ኢትዮጵያዊት እጅ፣ እንደገና ትክክል ሆኖ ተገኘ።

ወረቀቱን ስትሰጠኝ ከራስጌው ላይ፣ እኔ ሳላዝዛት፣ የክፍሉን ሙቀት ጽፋ ነበር።